ፖላራይዝድ ፕሮቶን ወደ ግራ ሲያደላ፦ ፓሪቲ ተጥሷል ወይ? ለመመረቂያ ጽሑፍስ ይሆናል?

አንዲት የፊዚክስ የማስተርስ ተማሪ እንዲህ ስትል ጠይቃለች፦ «200 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ኢነርጂ ያለው ፖላራይዝድ (ስፒኑ ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላ) የፕሮቶን ጨረር ካርበን ላይ ሲያርፍ፣ በአንዳንድ ማዕዘኖች ወደ ግራ የሚበተነው ፕሮቶን ወደ ቀኝ ከሚበተነው በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አነበብኩ። ይህ የፓሪቲ ሕግ መጣስ አይደለም? ደግሞስ ተራው ጨረር ክሮስ ሴክሽኑን (በየማዕዘኑ የመበተን ዕድሉን) ከሰጠን፣ ያን ሁሉ ወጪ አውጥቶ ስፒኖቹን በሙሉ በአንድ አቅጣጫ ማሰለፍ ምን ይጨምርልናል? የመመረቂያ ጽሑፌን በዚህ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ፤ አገራችን ውስጥ አክስለሬተር ሳይኖር ይቻላል?»

ፓሪቲ፣ ማለትም የተፈጥሮ ሕግ በመስታወት ሲታይም ያው ነው የሚለው ደንብ፣ አልተጣሰም። ግራና ቀኙ እኩል ስላልሆነ ብቻ ስለ ፓሪቲ የሚባል ነገር የለም፤ መጠየቅ ያለበት ይኸው ሙከራ በመስታወት ሲታይ የሚታየው ነገር በተፈጥሮም ይሆናል ወይ የሚለው ነው። ጨረሩ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የፕሮቶኑ ስፒን (የራሱ ውስጣዊ ሽክርክሪት) ወደ ላይ ያመለክታል፣ ብዙው ፕሮቶን ወደ ግራ ይበተናል እንበል። አሁን ከጨረሩ ጎን መስታወት አቁሚ። በመስታወቱ ውስጥ ግራው ቀኝ ይሆናል። ስፒን ግን የሚንጸባረቀው እንደ ቀስት ሳይሆን እንደ ሽክርክሪት ነው፤ ከላይ ሲታይ ወደ ግራ የሚሽከረከረው በመስታወቱ ውስጥ ወደ ቀኝ ይሽከረከራል፣ ስለዚህ ወደ ላይ የነበረው ስፒን ወደ ታች ይገለበጣል። መስታወቱ የሚያሳየን «ስፒኑ ወደ ታች ሲሆን ብዙው ወደ ቀኝ ይበተናል» የሚል ሙከራ ነው። በላቦራቶሪም ስፒኑን ስንገለብጥ የምናገኘው በትክክል ይህንኑ ነው። ሕጉ አልተነካም።

ፓሪቲን የሚፈትነው ሌላ ዓይነት ሙከራ ነው። በእሱ ስፒኑ ወደ ላይ መቆሙ ይቀርና በጨረሩ አቅጣጫ ይደረጋል፤ ከዚያም ስፒኑ ወደ ፊት ሲሆንና ወደ ኋላ ሲሆን የሚበተነው ጠቅላላ መጠን ይለያይ እንደሆነ ይታያል። እዚህ ላይ ማንኛውም ልዩነት ከተገኘ ፓሪቲ ተጥሷል፤ ምንጩም ደካማው የኒውክሌር መስተጋብር ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ቪሊገን ላይ በ45 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ፕሮቶን በፕሮቶን ላይ ተበትኖ የተገኘው ልዩነት ከ10 ሚሊዮን 1.5 ገደማ ነው። አንቺ ያነበብሽው የካርበን አሲሜትሪ (የግራና የቀኝ ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል) ደግሞ ሙሉ በሙሉ ፖላራይዝድ ለሆነ ጨረር በ200 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልትና 16 ዲግሪ አካባቢ ወደ 1 የሚጠጋ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ይህን ያህል የሚራራቁት የመጀመሪያው ከደካማው፣ ሁለተኛው ከጠንካራው መስተጋብር ስለሚመጣ ነው።

«ስፒኖቹን በሙሉ በአንድ አቅጣጫ ማሰለፍ» የሚለው አባባልሽ መታረም አለበት። የፕሮቶን ስፒን በአንድ ዘንግ ላይ ሲለካ የሚሰጠው መልስ ሁለት ብቻ ነው፦ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች። ፖላራይዜሽን ማለት የሁለቱ ቁጥር ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል ነው። ጨረሩ 80 በመቶ ፖላራይዝድ ነው ሲባል ከመቶ ፕሮቶን 90ው ወደ ላይ፣ 10ሩ ወደ ታች ናቸው ማለት ነው እንጂ 80ው ተሰልፈው 20ው ዝም ብለው ተቀምጠዋል ማለት አይደለም። 80 በመቶ ደግሞ በጣም ጥሩ የሚባል ጨረር ነው። በእንዲህ ያለ ጨረር የካርበኑ አናላይዚንግ ፓወር (ጨረሩ 100 በመቶ ፖላራይዝድ ቢሆን የሚታየው አሲሜትሪ) 1 በሆነበት ማዕዘን ላይ ብትቆጥሪ፣ በቀኝ ለሚመዘገበው 1 ፕሮቶን በግራ 9 ታገኛለሽ። «በብዙ እጥፍ» ያልሽው ከዚህ ይመጣል።

ግራና ቀኙን የሚለየው ስፒን ኦርቢት የሚባለው ኃይል ነው። ማሪያ ጎፐርት ማየርና ሃንስ የንሰን እ.ኤ.አ. በ1949 ያቀረቡት፣ በ1963 የኖቤል ሽልማት የተጋሩበት የሼል ሞዴል የቆመው በዚሁ ኃይል ላይ ነው፤ 28፣ 50፣ 82 እና 126 የሚባሉትን አስማታዊ ቁጥሮች (ኒውክሊየስን በተለይ የሚያጸኑ የፕሮቶን ወይም የኒውትሮን ብዛቶች) ያለ እሱ ማውጣት አይቻልም ነበር። በኒውክሊየስ ውስጥ የታሰረ ፕሮቶን ስፒኑና የምሕዋር ሽክርክሩ ሲስማሙ ይበልጥ ይሳባል፤ ሲቃረኑ የሚስበው ይቀንሳል። ከውጭ የሚመጣ ፕሮቶንም ይኸው ይገጥመዋል። ስፒኑ ወደ ላይ የሆነ ፕሮቶን ኒውክሊየሱን በቀኝ ጠርዝ በኩል ሲያልፍ የምሕዋር ሽክርክሩም ወደ ላይ ነው። ሁለቱ ስለሚስማሙ በርትቶ ይሳባል፣ በቀኝ ያለፈው ደግሞ ሲሳብ የሚታጠፈው ወደ ግራ ነው። በግራ ጠርዝ የሚያልፈው የምሕዋር ሽክርክሩ ወደ ታች ስለሆነ በደካማው ይሳባል፣ ወደ ቀኝ የሚሄደውም ያንሳል።

መማሪያ መጻሕፍት ይህን ስዕል ይወዱታል፤ እኔም ምልክቱን ለማስታወስ እጠቀምበታለሁ። ከዚያ አልፎ ግን አታምኚው። በስዕሉ መሠረት ከሆነ ስፒን ኦርቢት እስካለ ድረስ አሲሜትሪ የግድ መኖር አለበት። እውነቱ እንደዚያ አይደለም፦ ፖቴንሻሉ (ኒውክሊየሱ ፕሮቶኑን የሚስብበት ኃይል የሒሳብ መግለጫ) ሙሉ በሙሉ ሪል (የማይውጥ) ቢሆንና መበተኑ ደካማ ሆኖ በቦርን ግምት (አንድ ጊዜ ብቻ እንደተበተነ በሚቆጥረው ስሌት) ቢሰላ አሲሜትሪው ዜሮ ይወጣል። አሲሜትሪ የሚወለደው የተበተነው ሞገድ ሁለት አምፕሊቲዩዶች (መጠኖች)፣ ስፒኑን የማይመለከተውና ስፒኑን የሚመለከተው፣ እርስ በርስ ሲደራረቡ ነው፤ ለዚህም በመካከላቸው ያለው የፌዝ (የሞገድ እርምጃ) ልዩነት ትክክለኛው መሆን አለበት። ኒውክሊየሱ ፕሮቶኑን የሚውጠው በመሆኑ ፖቴንሻሉ ኢማጂነሪ ክፍል ይኖረዋል፣ ይህም የሚፈለገውን ፌዝ ይሰጣል። ኤንሪኮ ፌርሚ እ.ኤ.አ. በ1954፣ በሞተበት ዓመት፣ ያሳየው ይህንን ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ የኦክስሊ ቡድን ፕሮቶኖችን አንድ ጊዜ በትኖ፣ የተበተኑትን እንደገና በሁለተኛ ታርጌት (ጨረሩ የሚመታው ቁስ) ላይ በመበተን ትልቅ አሲሜትሪ አግኝቶ ነበር። ፌርሚ የማየርና የየንሰንን ስፒን ኦርቢት ወስዶ የሚውጥ ፖቴንሻል ጨመረበትና ውጤቱ የሚጠበቅ መሆኑን አሳየ። ለታሰሩ ኑክሊዮኖች የተፈጠረ ሐሳብ በመቶዎች ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ለሚበር ፕሮቶንም መሥራቱ ያኔ ነው የታወቀው።

ሁለተኛው ጥያቄሽ፣ ተራው ጨረር ምን ያጎድላል የሚለው፣ መልሱ ከዚሁ ይወጣል። ስፒኑ ዜሮ በሆነ ኒውክሊየስ ላይ፣ ለምሳሌ በካልሲየም 40 ወይም በእርሳስ 208፣ ፕሮቶን ኢላስቲክ ሆኖ (ኒውክሊየሱን ሳያነሣሣ) ሲበተን ነገሩን ሁሉ የሚገልጹት ሁለት ኮምፕሌክስ አምፕሊቲዩዶች ናቸው፤ ስፒኑን የማይመለከተውን ኤፍ፣ የሚመለከተውን ጂ እንበላቸው። ተራ ጨረር የሚለካው የሁለቱን ስኩዌሮች ድምር ብቻ ነው። ጂ ከኤፍ በጣም ካነሰ፣ ስኩዌሩ በድምሩ ውስጥ ይጠፋል፤ አንድ አሥረኛ የሆነ አምፕሊቲዩድ በክሮስ ሴክሽኑ ላይ የሚጨምረው አንድ መቶኛ ነው፣ ይህም በተለመደው የኖርማላይዜሽን (የጠቅላላ መጠን ልኬት) ስህተት ይሸፈናል። አናላይዚንግ ፓወር ግን የሚለካው የሁለቱን ብዜት እጥፍ ነው፤ ያው አንድ አሥረኛ አምፕሊቲዩድ እስከ 20 በመቶ የሚደርስ የግራ ቀኝ ልዩነት ሊያሳይ ይችላል። ከ1 በመቶ ወደ 20 በመቶ ማለት ነው፤ ወጪው የሚወጣው ለዚህ ነው።

ቁጥሩንም አስተውዪ። ሁለት ኮምፕሌክስ ቁጥር አራት ሪል ቁጥር ነው፤ የጋራ ፌዙ ስለማይለካ ሦስት ይቀራል። ክሮስ ሴክሽን አንዱ፣ አናላይዚንግ ፓወር ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ደግሞ ስፒን ሮቴሽን የሚባለው ነው፤ ይህ የተበተነው ፕሮቶን ስፒኑ በመበተኑ ምክንያት በአግድሙ ምን ያህል እንደዞረ የሚነግረን ሲሆን፣ ለመለካት ፕሮቶኑን ሁለተኛ ጊዜ መበተን ያስፈልጋል። ሦስቱ ከተለኩ ኢላስቲክ መበተንን በተመለከተ በዚያ ኢነርጂና በዚያ ማዕዘን የሚለካ ነገር አልቋል።

ይህ የወረቀት ላይ ቆጠራ ብቻ እንዳይመስልሽ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ሎስ አላሞስ ላይ በ500 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ በካልሲየም 40 ላይ ሦስቱም ተለክተው ነበር። ሪላቲቪቲን በማያካትተው በሽሮዲንገር እኩልታ የሚሠራው የወቅቱ መደበኛ ስሌት ክሮስ ሴክሽኑን ደህና አድርጎ ይገልጽ ነበር፤ በአናላይዚንግ ፓወርና በተለይም በስፒን ሮቴሽን ላይ ሲመጣ ግን ወደቀ። ሪላቲቪቲን በሚያካትተው በዲራክ እኩልታ የተሠራው፣ እያንዳንዳቸው በመቶዎች ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት የሚደርሱ ሁለት ተቃራኒ ፖቴንሻሎችን የሚጠቀመው ስሌት ልኬቱን ጥሩ አድርጎ ገለጸው። ሁለቱ ፖቴንሻሎች በማዕከላዊው ኃይል ላይ ይጣፋሉ፣ በስፒን ኦርቢት ላይ ግን ይደመራሉ፤ ስለዚህ ክሮስ ሴክሽን ብቻ የሚያይ ሰው መኖራቸውንም አይጠረጥርም። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው «ኒውክሊየስ የግድ ሪላቲቪስቲክ ነው» እስከማለት ሄደዋል፤ እኔ በዚህ አልስማማም፣ ምክንያቱም በኒውክሊየሱ ውስጥ ያለውን የመጠጋጋት ውጤት በደንብ የጨመሩ ኋላ የመጡ የሽሮዲንገር ስሌቶችም ብዙ ርቀት ተጉዘዋል። ክርክሩ የተነሣው ግን ስፒን ስለተለካ ነው።

አሁን ወደ ላቦራቶሪው እንግባ፤ በወረቀት ላይ ቀላል የሚመስለው ነገር የሚበላሸው እዚህ ነውና። ፖላራይዝድ ጨረር ዛሬ የሚሠራው እንደ ሮቸስተሩ በድርብ መበተን አይደለም፤ ያ መንገድ ከጨረሩ አብዛኛውን ያባክናል። በተለመደው ዘዴ የሃይድሮጂን ጋዝ ወደ ነጠላ አተም ይሰነጠቃል፣ አተሞቹ በስድስት ዋልታ ማግኔት ውስጥ ሲያልፉ የኤሌክትሮናቸው ስፒን አንድ ዓይነት የሆኑት ወደ መሃል ይሰበሰባሉ፣ ሌሎቹ ይበተናሉ። ከዚያ የሬዲዮ ሞገድ የኤሌክትሮኑን ስፒን ወደ ፕሮቶኑ ያዛውረዋል፤ በመጨረሻም ኤሌክትሮኑ ይነጠቅና ፕሮቶኑ ወደ አክስለሬተሩ ይገባል። ዋናው ጥቅም የሬዲዮ ሞገዱን በመቀያየር ብቻ ስፒኑን በየጥቂት ሰከንዱ መገልበጥ መቻሉ ነው፤ ሌላ ማግኔት መንካት አያስፈልግም።

ሳይክሎትሮን ውስጥ ስፒኑ ቁሞ የሚጓዘው በአጋጣሚ አይደለም። የማግኔት መስኩ ቁመታዊ ስለሆነ ቁመታዊውን ስፒን አያዞረውም። አግድም ያለውን ስፒን ግን ከሚገመተው በላይ ያዞረዋል፤ በ200 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ጨረሩን 45 ዲግሪ የሚያጥፍ ማግኔት የአግድሙን ስፒን ከጨረሩ አቅጣጫ አንጻር 98 ዲግሪ ገደማ ያዞረዋል። ስፒን ሮቴሽን የሚለኩ ሰዎች ይህን ራሱን እንደ መሣሪያ ይጠቀሙበታል። ለጀማሪ ግን ወጥመድ ነው፤ በጨረር መስመሩ ላይ ያለ አንድ መታጠፊያ ከሒሳብ ከወጣ «ወደ ጎን የተዘጋጀ ስፒን» የሚባለው ታርጌቱ ዘንድ ሲደርስ ወደ ፊት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ከሁሉ በላይ መረዳት ያለብሽ የመቁጠር ዘዴውን ነው። ጨረሩ 80 በመቶ ፖላራይዝድ፣ እውነተኛው አናላይዚንግ ፓወር 0.25 ነው እንበል፤ አሲሜትሪው የሁለቱ ብዜት፣ 0.20፣ መሆን አለበት። የግራው ዲቴክተር ግን ከቀኙ 10 በመቶ የበለጠ ይቆጥራል፤ ትንሽ ስለቀረበ ወይም ስለሰፋ። ስፒኑ ወደ ላይ ሲሆን በግራ 6600፣ በቀኝ 4000 ትቆጥሪያለሽ። ልዩነቱን ለድምሩ ብታካፍዪው 0.245 ይወጣል፤ ለ0.8 ሲካፈል 0.31 ሆነ። ከ0.25 በጣም የራቀ ነው፣ ብዙ በመቁጠርም አይድንም፤ ዓመት ብትቆጥሪ ያንኑ የተሳሳተ ቁጥር በትንሽ ስታቲስቲካዊ ስህተት አጅበሽ ታገኚዋለሽ። አሁን ስፒኑን ወደ ታች ገልብጪ፦ ግራ 4400፣ ቀኝ 6000። የላይኛውን ግራ በታችኛው ቀኝ አባዢ፣ ለታችኛው ግራና ለላይኛው ቀኝ ብዜት አካፍዪ፦ 2.25። ስኩዌር ሩቱ 1.5 ነው። 1.5 ሲቀነስ 1፣ ለ1.5 ሲደመር 1 ይካፈል፦ በትክክል 0.20። የዲቴክተሮቹ መዛባት ሙሉ በሙሉ ተሰርዟል። ክንዱ እኩል ባልሆነ ሚዛን የሚሸጥ ነጋዴ ዕቃውንና የብረት መመዘኛውን አቀያይሮ ሁለት ጊዜ ከመዘነ እውነተኛው ክብደት በሁለቱ ውጤት ብዜት ስኩዌር ሩት እንደሚታወቅ፣ ሒሳቡ ያው ነው።

ይህ ዘዴ ሁሉን ያድናል ማለት ግን አይደለም። ስፒኑ በተገለበጠ ቁጥር ጨረሩም ታርጌቱ ላይ በትንሹ የሚንሸራተት ከሆነ፣ መንሸራተቱ ራሱ አሲሜትሪ መስሎ ይገባል፤ የማባዛት ዘዴው አይሰርዘውም። በትናንሽ ማዕዘኖች አካባቢ ማዕዘኑ ሲጨምር ክሮስ ሴክሽኑ በፍጥነት ስለሚወርድ የዲግሪ ክፍልፋይ እንኳ ዋጋ አለው። ስለዚህ ጨረሩ የት እንዳረፈ ለሁለቱም የስፒን ሁኔታዎች ለየብቻ ያልመዘገበ ልኬት ሳይ ውጤቱን በጥርጣሬ ነው የማየው።

የሌሎችን ዳታ ስታነቢም የሚከተሉትን ተጠንቀቂ። ካርበን 12 የመጀመሪያ ኤክሳይትድ ደረጃው 4.44፣ የእርሳስ 208 ደግሞ 2.61 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ነው፤ የዲቴክተሩ የመለየት አቅም ከዚህ የተሻለ ካልሆነ «ኢላስቲክ» የተባለው አናላይዚንግ ፓወር ድብልቅ ነው። ታርጌቱ ፕላስቲክ ወይም ዘይት የነካው ከሆነ ሃይድሮጂን ይገባበታል፤ በ20 ዲግሪ ላይ ከሃይድሮጂን የተበተነው ፕሮቶን ከ20 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ዝቅ ስለሚል ይለያል፣ በ5 ዲግሪ ላይ ግን ልዩነቱ 1.5 ያህል ብቻ ነው። ክሮስ ሴክሽኑ ሸለቆ በሚሠራባቸው ማዕዘኖች ላይ አናላይዚንግ ፓወሩ በጠባብ ክልል ውስጥ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ ይገለበጣል፤ ሰፊ ዲቴክተር ይህን ያማክለውና ጫፉን ይቆርጠዋል። ደግሞም የፖላራይዜሽኑ መጠን ራሱ የሚታወቀው በሌላ መበተን ነው፤ አናላይዚንግ ፓወሩ አስቀድሞ በሚታወቅ ካርበን ወይም ሂሊየም 4። በሂሊየም ላይ በ12 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ እሴቱ ቲዎሪ ራሱ በሚያስገድደው መንገድ በትክክል 1 የሚሆንበት ነጥብ ስላለ፣ ሰንሰለቱ የሚታሰርበት ካስማ አለ። ካስማው ጋ ያልተገናኘ ልኬት ላይ ሁሉም አናላይዚንግ ፓወር በአንድ ላይ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል።

በሌላ በኩል ፖላራይዝድ ጨረር የማይጠቅምባቸው ቦታዎች አሉ። ፕሮቶኑ የኩሎምብን ግድግዳ ማለፍ ካልቻለ፣ ለእርሳስ ከ13 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ በታች ማለት ነው፣ የሚበትነው የኤሌክትሪክ ግፊት ብቻ ስለሚሆን አሲሜትሪው ወደ ዜሮ ይጠጋል። ኒውክሊየሱ የራሱ ስፒን ካለው ሁለት አምፕሊቲዩድ አይበቃም፤ ስፒኑ ግማሽ ለሆነ ታርጌት ስድስት ይሆናሉ፣ ታርጌቱም ፖላራይዝድ ካልሆነ ጨረሩ ብቻውን አይጨርሰውም። የጨረሩ ጥራትም የሚመዘነው በፖላራይዜሽኑ ስኩዌርና በብዛቱ ብዜት ነው፦ ፖላራይዜሽኑ ከ80 ወደ 40 በመቶ ቢወርድ ለተመሳሳይ ስህተት አራት እጥፍ ጊዜ መቁጠር አለብሽ።

ተቃራኒው ችግር ደግሞ ዕድሜያቸው አጭር የሆኑ ኒውክሊየሶች ናቸው፤ ታርጌት ሆነው ሊቀመጡ አይችሉም። ጃፓን ውስጥ ሪከን ላይ ይህን የፈቱት ነገሩን በመገልበጥ ነው፦ ሂሊየም 6ን ጨረር አድርገው፣ ፕሮቶኑን በናፍታሊን ክሪስታል ውስጥ ፖላራይዝድ አድርገው አስቀመጡት። በኑክሊዮን 71 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ያገኙት አናላይዚንግ ፓወር የሂሊየም 6 ስፒን ኦርቢት ከተለመዱት ኒውክሊየሶች ይልቅ ጥልቀቱ ያነሰና ወደ ውጭ የተዘረጋ መሆኑን ያመለክታል። ክሮስ ሴክሽን ብቻ ቢለኩ ኖሮ ይህ አይታይም ነበር።

ወደ መመረቂያ ጽሑፍሽ ስንመጣ፦ ይቻላል፣ ነገር ግን ልኬት ለመሥራት አትነሺ። ከእኛ አህጉር ይህን ሥራ የሠራ ቦታ አለ፤ ኬፕ ታውን አጠገብ ያለው አይቴምባ ላብስ 200 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት የሚደርስ ሳይክሎትሮን ያለው ሲሆን በፖላራይዝድ ፕሮቶን የተሠሩ ሙከራዎች ከዚያ ታትመዋል። ነገር ግን የጨረር ጊዜ በውድድር የሚሰጥ ነው። ለዶክትሬት አስቢው እንጂ የማስተርስ ጊዜሽን በእሱ ላይ አታስይዢ።

የምመክርሽ የታተመ ዳታ ወስደሽ በኦፕቲካል ሞዴል (ኒውክሊየሱን በሚስብና በሚውጥ አንድ ፖቴንሻል በሚወክለው ስሌት) እንድትተነትኚ ነው። ካርበንን ተዪው። ለፖላሪሜትር (ለፖላራይዜሽን መለኪያ) ተስማሚ ነው እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ ቅርጹ ከክብ የራቀ ነው፣ 4.44ቱ ደረጃ ከኢላስቲኩ ጋር በብርቱ ይጣመራል፣ ቀላሉ ኦፕቲካል ሞዴልም እንዲህ ክብደቱ አነስተኛ በሆነ ኒውክሊየስ ላይ መሠረቱ ደካማ ነው። ካልሲየም 40ን በ65 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ውሰጂ። ኦሳካ ላይ በዚህ ኢነርጂ በብዙ ኒውክሊየሶች ላይ የተለካ ክሮስ ሴክሽንና አናላይዚንግ ፓወር አለ፤ ቪየና ያለው የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ በሚያስተዳድረው ኤክስፎር በሚባለው የዳታ ማከማቻ በነፃ ይገኛል። ለመነሻ የኮኒንግና የዴላሮሽን የ2003 ፓራሜትሮች ተጠቀሚ፤ ከማስ ቁጥር 24 እስከ 209 እና እስከ 200 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት የተዘጋጁ ናቸው። ፍሬስኮ የሚባለው ፕሮግራም ስሌቱን በተራ ላፕቶፕ ይሠራዋል።

መጀመሪያ ስፒን ኦርቢቱን ከነጭራሹ ዜሮ አድርገሽ ክሮስ ሴክሽኑን ብቻ ለማስማማት ሞክሪ። ከምትጠብቂው በላይ ይሳካልሻል፤ አስተማሪው ክፍል ይህ ነው፣ በጽሑፍሽም ውስጥ ግራፉ መግባት አለበት። ከዚያ ያንኑ ፖቴንሻል በአናላይዚንግ ፓወሩ ላይ አስቀምጪው፤ ቀጥ ያለ የዜሮ መስመር ይሰጥሻል። ቀጥሎ ሁለቱን ዳታ በአንድነት አስማሚ። ክሮስ ሴክሽኑን ብቻ አስማምቶ «ስፒን ኦርቢት አገኘሁ» የሚል ጽሑፍ ለግምገማ ቢመጣልኝ እመልሰዋለሁ።

ሁለቱን በአንድነት ስታስማሚ ካይ ስኩዌሩ (የስሌቱና የዳታው መራራቅ መለኪያ) እንዳያታልልሽ። የክሮስ ሴክሽን ነጥቦች ብዙ ጊዜ የሚጽፉት ስታቲስቲካዊውን ስህተት ብቻ ስለሆነ በውሸት ትክክለኛ ይመስላሉ፤ አናላይዚንግ ፓወሩን ይደፈጥጡታል። በየነጥቡ ላይ ጥቂት በመቶ የኖርማላይዜሽን ስህተት ጨምሪ፣ ወይም ኖርማላይዜሽኑን ራሱን እንደ ፓራሜትር ልቀቂው። ማዕዘኑ በላቦራቶሪ ወይስ በማስ ማዕከል እንደተሰጠም አረጋግጪ። የስፒን ኦርቢቱ ጥልቀት በዝቅተኛ ኢነርጂ 6 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው፤ በ65 ላይ ለካልሲየም ከኮኒንግና ዴላሮሽ የሚወጣው 4.6 አካባቢ ነው። ያንቺ ከዚህ ትንሽ ቢርቅ ውጤት ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ተገልብጦ ከወጣ ግን ስለ ካልሲየም ምንም ሳትጽፊ በፊት ዳታው ፖዘቲቭ የሚለው ስፒኑ ወደ ላይ ሆኖ ብዙው ወደ ግራ ሲበተን መሆኑን፣ ፕሮግራሙም ያንኑ ደንብ መከተሉን ፈትሺ።